ከወንጭፍ እስከ ሳተላይት

ከሲግናል ሠፈር ወደ ሰሜን ቀና ብሎ ለሚመለከት ሰው የእንጦጦ ተራራ አድማሱን ዘግቶ ይታየዋል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያይቱ የኢትዮጵያ ሳተላይት መቆጣጠሪያ ጣቢያ የተተከለው በዚሁ ተራራ ላይ፣ 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ሥፍራ ነው። 70 ኪሎ ግራም ያህል የምትመዝን ዕቃ ያለ ምሰሶና ያለ ገመድ እንዴት ሳትወድቅ ልትኖር ቻለች?

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ወደ ውጭ የሚገፋ ኃይል ከመሬት ስበት ጋር ስለ ተመጣጠነ ነው» የሚል ነው። ስሕተቱ ጥንታዊ ነው። በማሽላ ማሳ ማማ ላይ ወፍ የሚጠብቅ ልጅ ወንጭፉን ሲያሽከረክር እጁ ወደ ውጭ የሚሳብ ይመስለዋል። ፈረንሳዊው ዴካርት እ.ኤ.አ. በ1644 ይህንኑ የወንጭፍ ድንጋይ መርምሯል፤ ሆላንዳዊው ሃይገንስም በ1673 የኃይሉን ልክ አሳትሟል። ሁለቱም የተመለከቱት የድንጋዩን የመሸሽ ዝንባሌ ነበር።

ነገሩን የገለበጠው እንግሊዛዊው ሁክ ነው። በ1679 ለኒውተን በጻፈው ደብዳቤ የፈለኮች ጉዞ ከሁለት ነገሮች፣ ማለትም ቀጥታ ከመጓዝና ወደ መካከል ከመሳብ እንደሚገኝ ገለጸ። ኒውተንም በ1687 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን በሂሳብ አጽንቶ ኃይሉን «ማዕከል ፈላጊ» ሲል ሰየመው። በእርግጥም ገመዱ ሲለቀቅ ድንጋዩ የሚሄደው ከመካከሉ በቀጥታ ርቆ ሳይሆን በተለቀቀበት ቅጽበት በነበረው አቅጣጫ ነው። ሁለት ተቃራኒ ኃይሎች ቢመጣጠኑ ኖሮ ሳተላይቷም ቀጥ ብላ በሄደች እንጂ ባልዞረች ነበር።

ኒውተን ከረጅም ተራራ ጫፍ የተተኮሰ መድፍ ጥይት ፍጥነቱ እየጨመረ ቢሄድ በመጨረሻ መሬትን እንደሚዞር አስቦ ነበር። የኢትዮጵያ ሳተላይት ያደረገችው ይህንኑ ነው። ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስበቱ በምድር ገጽ ካለው ከአምስት እጅ አራቱ ያህል ነው፤ እርስዋ ግን በሴኮንድ 7.5 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትጓዝ አንዱን ዙር በ97 ደቂቃ ገደማ ትፈጽማለች። አልቆመችም፤ ዘወትር ትወድቃለች፤ ነገር ግን መሬትም ከሥርዋ ትጎብጣለች።

ይህ ሕግ በሰማይ ብቻ የሚሠራ አይደለም። ከእንጦጦ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ መታጠፊያ ላይ መኪናን ወደ ውስጥ የሚስበው የጎማና የአስፋልት ሰበቃ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚያስፈልገው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል፤ ዝናብ ግን ሰበቃውን ይቀንሳል። ስለዚህ መኪናው መንገዱን ሲስት ማንም አልገፋውም፤ የሚስበው አጥቶ ቀጥ ብሎ ሄደ እንጂ። ይህን የተረዳ መሐንዲስ ለመታጠፊያው ስፋትና ለአስፋልቱ ተዳፋት ልክ ይሰጣል፤ ልኩም የሰው ሕይወት ነው።