ከስንደዶ እስከ ፕላዝማ፤ የማስተማሪያ መሣሪያ ታሪክ በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የማስተማሪያ መሣሪያ ከውጭ ሀገር መምህራን ጋር የመጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን መሣሪያ ማለት የመምህሩን ድካም የሚያቀልል፥ የተማሪውንም ልቡና የሚረዳ ማናቸውም ነገር ከሆነ፥ በብራና ላይ የተጻፈው ፊደልም፥ ሕፃኑ ፊደሉን እየነካ የሚቈጥርበት ስንደዶም መሣሪያ ነው። ሕፃኑ ሀሁን ቈጥሮ፥ አቡጊዳን አጥንቶ፥ መልእክተ ዮሐንስን በቍጥር፥ በግእዝ፥ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ እየደጋገመ ወደ ዳዊት እስኪደርስ ድረስ፥ በአንድ ፊደልና በአንድ መጽሐፍ ብዙዎች ይማሩ ነበር። መጽሐፍ ጥቂት ስለ ነበረ ታላቁ ተማሪ ታናሹን ያስጠና ነበር። መምህሩም ከተቀመጠበት ሆኖ የሁሉን ድምፅ በአንድነት እየሰማ፥ የተሳሳተውን ለይቶ ይመልስ ነበር። ይህን ጫጫታ ብቻ አድርገው የጻፉት የውጭ ሀገር መንገደኞች የመምህሩን ጆሮ አላወቁትም።

ከዚህም የሚበልጥ መሣሪያ አለ። ይኸውም የዜማ ምልክት ነው። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፥ ማለት ከ1540 እስከ 1559 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባለው ጊዜ፥ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የሚባሉ ሊቃውንት ምልክቱን እንዳወጡት በቤተ ክርስቲያን ይነገራል። ከዚያ በፊት በቃል ብቻ ይተላለፍ የነበረው ዜማ፥ ከንባቡ በላይ በሚጻፉ ጥቃቅን ፊደላትና ነጥቦች እየተመለከተ ይጠና ጀመር። ምልክቱ ለተማሪው የመርሳት መድኃኒት ሆነለት። ቢሆንም ቅሉ መምህሩን ከወንበሩ አላስነሣውም። ምልክቱን በዓይኑ ብቻ አይቶ፥ ከመምህር አፍ ሳይቀበል፥ ድጓን የዘለቀ ሰው አይገኝም። ይህ ነገር ወደ ፊት ለሚነገረው መለኪያ ይሆናልና አንባቢ በልቡ ያኑረው።

የማተሚያ መኪና ነገር ለብቻው ብዙ የሚያስጽፍ ነው። እዚህ ግን ባጭሩ ለማመልከት ያህል፥ በግእዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው ዳዊት በሮማ ከተማ በ1513 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በዮሐንስ ፖትከን አሳታሚነት ወጣ። በሀገር ውስጥ ግን ኅትመት ለብዙ ሰው እጅ የደረሰው ቈይቶ ነው። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ፥ ቀድሞ ብዙ ቈዳ ተፍቆ ብዙ ወራት ተጽፎ ይገኝ የነበረው መጽሐፍ የድኻ ልጅ ሊገዛው የሚችል ሆነ።

ዳግማዊ ምኒልክ በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ በ1908 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባስከፈቱ ጊዜ፥ መምህራኑን ከግብፅ ያስመጡት የካህናቱን ሥጋት ለማብረድ ነበር። የእስክንድርያ ሃይማኖት ልጆች ከሆኑ ተማሪውን ከሃይማኖቱ አያናውጡትም ተብሎ ታስቦ ነው። የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም በ1917 ዓ.ም. ተከተለ። በእነዚህ ትምህርት ቤቶችና ከነሱ በኋላ በተከፈቱት ሁሉ ዘንድ ዋነኛው መሣሪያ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ሆነ። ስለ ጥቁር ሰሌዳ የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነው፤ ርካሽ ስለሆነ ይናቃል። ዳሩ ግን ጠባዩን ለመረመረ ሰው ሰሌዳ ትዕግሥተኛ መሣሪያ ነው። መምህሩ የጻፈውን ተማሪው ገልብጦ እስኪጨርስ ይጠብቃል፤ ያልገባው ካለ ይደመስስና በሌላ መንገድ ይጽፋል። ተማሪውም ራሱ ተጠርቶ ወጥቶ ይጽፍበታል፤ ስሕተቱም በዚያው በጠመኔ ይታረማል። ስለዚህ ሰሌዳ እንደ ዜማው ምልክት የመምህሩ አገልጋይ ነው።

በኋላ የመጣው ግን ሌላ ጠባይ ያለው ነው። ሬዲዮ በሀገራችን በ1920ዎቹ ዓመታት በአቃቂ ጣቢያ ተጀመረ፤ ቴሌቪዥንም በ1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ታየ። ሁለቱም በኋላ ለትምህርት ቤት አገልግሎት ተመደቡ። እነዚህ መሣሪያዎች ድምፅንና ሥዕልን ተራራ አሻግረው ያደርሳሉ፤ ይህም ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሲናገሩ አይሰሙም፤ ተማሪው ቢቀርም ቢዘገይም ጥለውት ይሄዳሉ።

በዚህ መካከል አንድ ሊዘነጋ የማይገባው ሥራ አለ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። የዘመኑ መንግሥት ከሌላ ሥራው ጋር የሚወቀስበት ብዙ ነገር ቢኖርም፥ በዚህ ዘመቻ ሚሊዮኖች ፊደል ቈጠሩ። ትምህርቱም በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። ዩኔስኮም በ1980 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ለዘመቻው ሽልማት ሰጠ። ሬዲዮ በዚህ ሥራ ረድቷል። ሆኖም ሸክሙን የተሸከሙት የታተመው የንባብ መጽሐፍ፥ ሰሌዳው፥ ጠመኔውና ከገበሬው ጎን ተቀምጦ እጁን ይዞ ያስጻፈው ወጣት ነበሩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት የመጀመሪያውን ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ፥ ሁለተኛውን ደረጃ ግን በእንግሊዝኛ እንዲማሩ ደነገገ። ትምህርት ቤት በየወረዳው በዛ። የሁለተኛ ደረጃ መምህር ግን በዚያው ልክ አልበዛም፤ ያለውም በእንግሊዝኛ ማስተማር የሚከብደው ብዙ ነበር። መንግሥት ለዚህ መፍትሔ ያደረገው በሳተላይት የሚሠራጭ ትምህርት ነው። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ፕላዝማ የሚባለው ሰፊ የቴሌቪዥን መስተዋት ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ባሉ ክፍሎች ተሰቀለ። ሒሳብ፥ ፊዚክስ፥ ኬሚስትሪ፥ ባዮሎጂ፥ እንግሊዝኛና ሌሎችም ትምህርቶች በደቡብ አፍሪካ ተቀርፀው መጡና በአንድ ሰዓት ለሀገሩ ሁሉ ተላለፉ።

አሳቡ ሊናቅ አይገባውም። ቤተ ሙከራ የሌለው የጠረፍ ትምህርት ቤት ተማሪ አሲድ ከብረት ጋር ሲዋሐድ ሲፈላ አየ፤ ልብ ደምን እንዴት እንደሚገፋ በሚንቀሳቀስ ሥዕል ተመለከተ። በአዲስ አበባ ያለው ልጅ የሚያየውን የገጠሩም ልጅ በዚያው ደቂቃ አየ። የእኩልነትን ነገር የሚያስብ ሰው ይህን እንደ ትንሽ አይቈጥረውም።

ይሁን እንጂ ሥርዐቱ እንዲህ ነበር። የአንዱ ክፍለ ጊዜ ርዝመት 40 ደቂቃ ያህል ሲሆን፥ 30ው ደቂቃ ገደማ የመስተዋቱ ነበር። ለክፍሉ መምህር የቀረለት በመጀመሪያ ጥቂት ደቂቃ ማስተዋወቅ፥ በመጨረሻም ጥቂት ደቂቃ ማጠቃለል ነው። በመስተዋቱ ውስጥ ያለው መምህር ጥያቄ ይጠይቃል፤ ጥቂት ሴኮንድ ዝም ይላል፤ መልሱንም ራሱ ይናገራል። ተማሪው በ8ኛ ክፍል ጨርሶ የመጣው፥ በብዙ ስፍራ፥ በኦሮምኛ ወይም በአማርኛ ወይም በትግርኛ ወይም በሌላ ቋንቋ የተማረ ነው። አሁን ግን በእንግሊዝኛ፥ ያውም ለጆሮው እንግዳ በሆነ አነጋገር፥ ያለ ማቋረጥ ይነገረዋል። ማስታወሻ ሲጽፍ መስማቱ ያመልጠዋል፤ ሲሰማ መጻፉ ይቀርበታል። የኤሌክትሪክ ኃይል ከጠፋም የዚያ ቀን ትምህርት አልፎ ይሄዳል፤ ሳተላይቱ ለአንድ ትምህርት ቤት ብሎ አይመለስምና። ተማሪዎችና መምህራን ስለ ፍጥነቱ አመለከቱ፤ የትምህርት መርማሪዎችም ይህንኑ ደጋግመው ጻፉ።

መምህሩስ? ከዩኒቨርሲቲ ወይም ከኮሌጅ ተምሮ፥ ዕውቀቱን ይዞ የመጣ ሰው መስተዋቱን የሚከፍትና የሚዘጋ በረኛ መሰለ። ተማሪውም ሁለቱን እያስተያየ መምህሩን መናቅ ጀመረ። ጉዳቱ ከኤሌክትሪኩ መጥፋት ይልቅ በዚህ ይከፋል። መብራት ተመልሶ ይመጣል፤ የተዋረደ መምህር ክብር ግን ቶሎ አይመለስም።

በቅኔ ቤት ያለውን ሥርዐት ላስተዋለ ሰው ልዩነቱ ግልጥ ነው። የቅኔ ተማሪ ወደ ዱር ወይም ወደ መቃብር ስፍራ ገለል ብሎ ቅኔውን ይቈጥራል፤ ከዚያም መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ይሰማል፤ ቤቱ የሰበረውን፥ ምሥጢሩ የጐደለውን ያቃናል። መስማት የመምህሩ ግማሽ ሥራ ነው፤ ይልቁንም ከግማሽ ይበልጣል። ፕላዝማ የተሰጠው የመናገሩ ግማሽ ብቻ ሲሆን፥ የሚሰማውን ሰው ግን ጊዜውን ወሰደበት። መሣሪያው ክፉ ስለ ሆነ አይደለም፤ የጊዜው አከፋፈል ስለ ተዛባ ነው። 10 ደቂቃ ለሥዕሉ፥ 30 ደቂቃ ለመምህሩ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ሌላ መልክ በያዘ ነበር።

ይህም በኢትዮጵያ ብቻ የደረሰ አይደለም። በፓስፊክ ውቅያኖስ ባለችው በአሜሪካ ሳሞኣ ከ1964 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ጀምሮ የትምህርቱ ዋና ክፍል በቴሌቪዥን እንዲሰጥ ተደርጎ ነበር፤ ከ10 ዓመት ያህል በኋላ ግን መምህራኑ ክፍላቸውን መልሰው ያዙ፤ ቴሌቪዥኑም ረዳት ሆነ። ኮት ዲቯርም በ1971 የጀመረችውን ሰፊ የቴሌቪዥን ትምህርት በ1980ዎቹ መጀመሪያ አቆመችው። እነዚህ ምሳሌዎች ፕላዝማው ከመሰቀሉ ከ20 ዓመት በፊት የታወቁ ነበሩ። መሣሪያ የሚገዛ ሰው ዋጋውን እንጂ ታሪኩን የሚጠይቅ አይመስልም።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ መሣሪያው እንደገና ተፈለገ። ትምህርት በሬዲዮ፥ በቴሌቪዥንና ቴሌግራም በሚባለው የስልክ መልእክት ይሰጥ ጀመር። በከተማ ያለው ልጅ በቤቱ ተከታተለ፤ በገጠር ግን ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጥቂት ስለ ነበረ ብዙው ልጅ ወደ እርሻና ወደ ከብት ተመለሰ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች መከፈት ሲጀምሩ፥ ርቀት እንዲጠበቅ ሲባል ተማሪዎች ተከፋፍለው በፈረቃ ገቡ። በዚህም ምክንያት በአንዱ ክፍል የሚቀመጠው ልጅ ቍጥር አነሰ፤ መምህሩም ለጊዜው በወንበሮቹ መካከል እየተመላለሰ የእያንዳንዱን ደብተር ለማየት ስፍራ አገኘ።