ከደመወዝ የሚቆረጥ፣ ከኪስ የሚወጣ

የባሕር ዳርን የመንግሥት ሠራተኛ ታሪክ ማወቅ የፈለገ ሰው የድሮ ፔሮል ያገላብጥ። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት እዚሁ ከተማ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ደመወዝ በካርቦን ወረቀት ማዘጋጀት ጀምሬ፣ ኮምፒዩተር ላይ ጡረታ ወጣሁ። ስገባ ከሠራተኛው የሚቀነሰው ግብር እና ጡረታ ነበር። ስወጣ የተቀናሹ ዓምድ ከመብዛቱ የተነሣ ወረቀቱን አግድም ካላተምነው አይበቃንም ነበር። ዓምዱ ሁሉ የየራሱ ዘመን አለው፤ የየራሱም ማጉረምረም።

መዋጮ ግን ፔሮልን ይቀድማል። ባሕር ዳር የሠራተኛ ከተማ የሆነችው በ1950ዎቹ ነው። በጣሊያን የጦር ካሳ የተሠራው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም. ተከፈተ፤ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ፖሊቴክኒኩ ተከተለ። ከጎጃምም ከበጌምድርም የመጣው ሰው ደመወዝተኛ ሲሆን ሰንበቴውንና ማኅበሩን ይዞ ገባ፤ ከተማው ደግሞ ዕድርን ጨመረለት። ብዙም ሳይቆይ መሥሪያ ቤቶች የየራሳቸውን የሠራተኛ ዕድር አቋቋሙ።

የለቅሶ መዋጮ በእኛ መሥሪያ ቤት እንዲህ ነበር። የአንድ ባልደረባ እናት ማረፋቸው እንደተሰማ ጸሐፊዋ ነጭ ወረቀት ታሰምራለች፦ ስም፣ ብር፣ ፊርማ። ብልህ ጸሐፊ ወረቀቱን ከኃላፊው ቢሮ አታስጀምርም። ኃላፊው መቶ ብር ከጻፈ በኋላ ጥበቃው አሥር ብር ለመጻፍ ያፍራላ! ስለዚህ ከጥበቃና ከጽዳት ተነሥታ ወደ ላይ ትወጣለች። ወር መጨረሻ ላይ ኪሱ የነጠፈበት «ደመወዝ ሲወጣ» ብሎ በእርሳስ ይጽፋል፤ ደመወዝ ሲወጣም ሳይጠየቅ አምጥቶ ያስረክባል። ከሰዓት በኋላ ገንዘቡ በፖስታ ሆኖ ለቅሶ ቤት ይደርሳል። ይሉኝታ የለበትም አልልም፤ አለበት። ቢሆንም ሰጪው ለማን እንደሰጠ ያውቃል፤ ነገ የእሱም ተራ እንደሚደርስ ያውቃል።

የመጀመሪያው ትልቅ ተቀናሽ የመጣው በ1977 ዓ.ም. ነው። ወሎና ትግራይ በረሃብ እያለቁ፣ መንግሥት ሠራተኛው የአንድ ወር ደመወዙን ለተጎጂዎች እንዲሰጥ ወሰነ። ለረሃብተኛ መስጠት ማንንም አልከበደውም፤ ብዙዎቻችን ለነዳያን ከመሶባችን የምንቆርስ ሰዎች ነን። የከበደው ሌላ ነው። በዚያው ዓመት መስከረም የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ መከበሩን አይተናል። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ደመወዟን ቆጥራ ስትጨርስ «እትዬ፣ ይድረስላቸው፤ ግን ትሰጪያለሽ ወይ ቢሉኝ እምቢ እል ነበር እንዴ?» አለችኝ። ጮክ ብላ አይደለም። በዚያ ዘመን ስለ መዋጮ ጮክ ብሎ የሚያወራ አልነበረም።

በ1984 ዓ.ም. የአማራ ልማት ማኅበር፣ ሁላችንም አልማ የምንለው፣ ተቋቁሞ መቀመጫውን ባሕር ዳር አደረገ። ትምህርት ቤትና ጤና ተቋም የሚሠራው በአባላት መዋጮ ስለሆነ፣ የአባሉ ድርሻ በየወሩ ከደመወዙ ይቀነስ ጀመር። እኔ በነበርኩበት መሥሪያ ቤት ያስቀየመን የገንዘቡ መጠን አልነበረም። አለቃችን የሁሉንም ስም ዝርዝር በአንድ ደብዳቤ ልኮልኝ «ቀንሺ» ማለቱ ነው። ወር ሲደርስ የመስኮቴ ፊት በሰው ተሞላ፤ ጥያቄውም አንድ ነበር፦ «እኔ መቼ ተመዘገብኩ?» ልጆቹ የገጠር ትምህርት ቤት የሚማሩበት አንድ ሹፌር ግን አንድም ቀን አላጉረመረመም። የተጨመረውን የመማሪያ ክፍል በዓይኑ ስላየ፣ እንዲያውም የሚያጉረመርሙትን ይገሥጽ ነበር።

ከዚያ ግድቡ መጣ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ ሲጣል፣ ዓባይን ከጣና ሲወጣ በየቀኑ የምናይ እኛ የባሕር ዳር ሰዎች ከሌላው በተለየ መንገድ ልባችን ሞቀ። የብዙ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የወር ደመወዙን ቃል ገባ፤ ክፍያው በ12 ወር ተከፋፍሎ ተቀነሰ። ቦንድም ተገዛ። በእኛ ስብሰባ እጅ ሲወጣ አብዛኛው ከልቡ ነበር። ጥቂቶች የጎረቤታቸውን እጅ አይተው አወጡ፤ እነሱንም አልፈርድባቸውም፤ የቤት ኪራይ ከፍለው የሚተርፋቸውን ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። ለግድቡ ገንዘብ ማሰባሰቢያ የተዘጋጀው ዋንጫ ከተማ ለከተማ ሲዞር፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ዙር ሲጠየቅ ግን «እንደገና?» የሚለው ድምፅ ከፍ አለ።

በዚያው ሰሞን ጣና ላይ እንቦጭ የተባለው አረም ታየ። ለዚህ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ጉልበትም ተዋጣ። በአውቶቡስ ተጭነን ወደ ሐይቁ ዳርቻ ወርደን፣ ከፎገራና ከደምቢያ ገበሬዎች ጋር ጭቃ ውስጥ ገብተን አረሙን በእጃችን የነቀልንበት ጊዜ አለ። በውጭ ያሉ ወገኖች ደግሞ አዋጥተው የማጨጃ ማሽን ልከዋል። የሚገርመው፣ ከመዋጮዎች ሁሉ ሠራተኛው ያላማረረው አልቅትና ቢልሃርዚያ የሚያስፈራውን ይህን ነው። የነቀለውን ክምር ቆሞ ያየዋላ። በኋላ ባለሀብት በ10 ሚሊዮን ብር አንድ ማዕድ የተቀመጠበት «ገበታ ለሀገር» የተባለው የገንዘብ ማሰባሰቢያ በጣና ዳር ያለችውን ጎርጎራን ከሦስቱ ፕሮጀክቶች አንዱ ሲያደርግ፣ የእኛ ሰዎች «እነሱስ በልተው ነው የሰጡት» ብለው ቀለዱ።

ከደመወዝ በመቀነስ ጉዳይ ሕጉ ግልጽ ነው። የፋብሪካና የድርጅት ሠራተኛን የሚመለከተው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከደመወዝ ለመቀነስ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛውን የጽሑፍ ስምምነት ይጠይቃል፤ ተቀናሹም ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ ማለፍ የለበትም። የስብሰባ ጭብጨባ በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም።

ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ ስብሰባው ላይ ከሁሉ በላይ የተነጫነጨው የቀድሞ ባልደረባዬ ደወለልኝ። «በይ እስቲ፣ ከእኔ በድምሩ ስንት ቆረጥሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። ለወቀሳ አልነበረም፤ ድርሻውን ለልጆቹ ሊነግር ፈልጎ ነው። በ1977 ስለተቀነሰው ግን ማንም ደውሎልኝ አያውቅም፤ የት እንደደረሰ የነገረን የለምና። እኔን ለተካችው ወጣት ሒሳብ ሠራተኛ የምመክራትም ይህንኑ ነው፦ አዲስ ዓምድ ከመክፈትሽ በፊት ወረቀት አዙሪ፣ ያልፈረመውን አትቀንሺ፤ ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ ገንዘቡ ምን እንደሠራ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፊ።