ይድረስ፤ በትምህርት ቤቱ በኩል
የደብዳቤ ታሪክ በሐዲያና በከምባታ

ደብዳቤ ከላኪውና ከተቀባዩ በቀር ሦስተኛ ሰው የማያውቀው ምሥጢር ነው ተብሎ ይታሰባል። በሐዲያና በከምባታ ግን ነገሩ ለረጅም ዘመን እንዲህ አልነበረም። አንድ ደብዳቤ ከላኪው ልብ ተነሥቶ ከተቀባዩ ጆሮ እስኪደርስ ድረስ በሦስት ሰው አፍ ያልፍ ነበር። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የዚያን ደብዳቤ ታሪክ ከነደስታውና ከነሣቁ ማስታወስ፣ በታሪኩም ውስጥ እኛ መምህራን የነበረንን ድርሻና ዛሬም ያለብንን ዕዳ ማመልከት ነው።

እንደሚታወቀው በአገራችን ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ የነገሥታትና የመኳንንት ጉዳይ ሆኖ ኖሯል። ጌታው ይናገራል፤ ጸሐፊው ያሰፍራል፤ ማኅተም ያርፍበታል፤ መልእክተኛ ይዞት ይሄዳል። የደብዳቤ ክብር ምን ያህል እንደነበር ለመገንዘብ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዟ ንግሥት ለቪክቶሪያ የጻፉትን ማስታወስ ይበቃል። ደብዳቤው ለንደን ደርሶ ሳለ መልስ ሳይሰጠው ቀረ። ንጉሠ ነገሥቱ ዝምታውን እንደ ንቀት ቆጥረው የእንግሊዙን ቆንስል አሰሩ፤ ነገሩም እየከረረ ሄዶ በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ተደመደመ። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የፖስታ አገልግሎት እንዲቋቋም ካወጁ በኋላ ግን የደብዳቤ በር ለሌላውም መከፈት ጀመረ። የንጉሠ ነገሥቱ ምስልና የአንበሳ ሥዕል ያለባቸው ሰባት ዓይነት ቴምብሮች በፓሪስ ታተሙ፤ በ1901 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ከዚያ ወዲህ የቴምብር ዋጋ ያለው ሁሉ እንደ ንጉሥ ደብዳቤ ለመላክ በቃ። ፊደል ያልቆጠረው ደግሞ፣ እንደ ንጉሥ ሁሉ፣ ጸሐፊ ያስፈልገው ነበር።

በቀድሞ ስሟ ዋቸሞ የምትባለው ሆሳዕና በሸዋ ሥር የነበረው የከምባታና ሐዲያ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። አገሩ እንሰት የሚተከልበት፣ ሕዝብ የበዛበትና መሬት የጠበበበት በመሆኑ፣ ብዙው ወጣት ለሥራ ወደ ሩቅ መሄድ ግድ ሆነበት። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በወንጂ ያቋቋመው የስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ ከሐዲያ፣ ከከምባታና ከወላይታ የሄዱ ብዙ ሰዎች በሸንኮራ አገዳው እርሻ ተሰማሩ። የሰው ልጅ ሲርቅ ወሬ ይፈለጋልና፣ ደብዳቤም እግራቸውን ተከትሎ ሄደ።

አጻጻፉ እንዲህ ነበር። እናት በሐዲይኛ ወይም በከምባትኛ ትናገራለች። በትምህርት ቤት የሚማረው ጽሕፈት አማርኛ ስለነበር ተማሪው ቃሏን ወደ አማርኛ መልሶ ያሰፍራል። ደብዳቤው ወንጂ ሲደርስ ደግሞ ማንበብ የሚችል ባልደረባ ተፈልጎ ወደ አፍ መፍቻው ቋንቋ ይመልሰዋል። ታዲያ የመልእክቱ መልክ በየአፉ ቢለዋወጥ ምን ይደንቃል? እናቲቱ፣ «ስድስት ወር ሙሉ ድምፅህ የጠፋው ሞተህ ነው ወይስ አግብተህ?» ብላ ተቆጣች እንበል። ተማሪው የተማረው የደብዳቤ ሥርዓት ለቁጣ ቦታ የለውም። ስለዚህ፣ «ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርብልሃለሁ፤ እኔ ከናፍቆትህ በስተቀር ደኅና ነኝ» ብሎ ይጽፋል። ልጅ ይህን ሲሰማ እናቱ ከመቼ ወዲህ እንዲህ ለስላሳ ሆነች ብሎ መገረሙ አይቀርም።

ሰላምታው ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። አባት፣ አጎት፣ አክስት፣ ጎረቤት በየስማቸው ይጠራሉ፤ አንዱ የተረሳ እንደሆነ ቅሬታው እስከ መስቀል ይቆያል። ወረቀቱ በሰላምታ ካለቀ በኋላ ዋናው ጉዳይ ከግርጌ ይጨመቃል፤ «ሌላ አዲስ ነገር የለም» ከሚለው ቀጥሎ በሬው መሞቱ ይነገራል። ልማዱን የሚያውቅ አንባቢም ዓይኑን ቀድሞ ወደ ግርጌ ይወረውራል። ገንዘብ በመንገደኛ እጅ ሲላክ ደግሞ የብሩ ልክ በደብዳቤው ውስጥ ይጻፍ ነበር። አምጪው ማንበብ የማይችል ከሆነ የራሱን ተቆጣጣሪ በኪሱ ይዞ ይጓዛል ማለት ነው።

ፖስተኛ እየዞረ በየቤቱ የሚያድልበት አሠራር ስላልነበረ፣ የፖስታ ሣጥን የሌለው ሰው ደብዳቤውን የሚቀበለው በሌላ በኩል ነበር። በፖስታው ላይ «በትምህርት ቤቱ በኩል» የሚለው ቃል የሚጻፈው ስለዚህ ነው። መምህሩ ስም ይጠራል፤ ልጁ ፖስታውን ይዞ ወደ ቤት ይሮጣል፤ ቡና ይፈላል፤ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ንባቡም በጉባኤ ፊት ይሆናል። በዚህ ምክንያት የቤተሰቡን ዕዳ፣ እጮኛና ጠብ አጣርቶ የሚያውቅ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በየመንደሩ ይገኝ ነበር። ሐዲያ ያሆዴን፣ ከምባታ መሳላን የሚያከብርበት የመስቀል ወቅት ሲቃረብ ደግሞ፣ «ትመጣለህ ወይስ ትቀራለህ?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉ ይቀድማል።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ይህን ሥርዓት መለወጥ ያዘ። ትምህርቱ እያደር በ15 ቋንቋዎች ሲሰጥ ሐዲይኛና ከምባትኛም ከእነዚህ መካከል ነበሩ፤ ሁለቱም በግዕዝ ፊደል ተጻፉ። ጎልማሶች የገዛ ቃላቸውን በገዛ ቋንቋቸው በወረቀት ላይ ለማየት በቁ፤ ተርጓሚውም ከመሐል ሊወጣ ቻለ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ሁለቱ ቋንቋዎች በላቲን ፊደል መጻፍ ስለጀመሩ፣ አያትና የልጅ ልጅ አንዱን ቋንቋ በሁለት ፊደል የተማሩበት ቤት ተፈጠረ።

ዛሬ የአካባቢው ወጣት የሚሄደው እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ነው። እናት በስልክ ስትቆጣ ቁጣዋ ሳይተረጎምና ሳይለሰልስ በቅጽበት ይደርሳል። ይህ ትልቅ በረከት ነው፤ ሆኖም ድምፁ ከስልኩ ጋር ይጠፋል። የቀድሞዎቹ ደብዳቤዎች ግን በየሣጥኑና በየጣሪያው ሥር፣ ጢስና ምስጥ እየተሻሟቸው፣ የተረፉት ተርፈዋል። የኩባንያ መዝገብ ስንት ሰው እንደተቀጠረና ስንት እንደተከፈለው ሊነግረን ይችላል፤ ሠራተኛው ማንን እንደናፈቀና ለምን በመስቀል እንደቀረ የሚነግሩን ደብዳቤዎቹ ናቸው።

እነርሱም ብቻቸውን ሙሉውን አይናገሩም። የነገ ታሪክ ጸሐፊ «ከናፍቆትህ በስተቀር ደኅና ነኝ» የሚለውን አንብቦ ሁሉ ደኅና ነበር ቢል ይሳሳታል። ከመስመሩ በስተጀርባ የነበረውን ቃል የሚያውቀው ያን ጊዜ ብዕር የያዘው ልጅ ነው፤ እርሱም ዛሬ ሽማግሌ ሆኗል። ስለዚህ በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔና በአንጋጫ የምታስተምሩ ባልደረቦች፣ ተማሪዎቻችሁ በባለቤቶቹ ፈቃድ እነዚህን ደብዳቤዎች ከየቤቱ እንዲያመጡ፣ ገልብጠው እንዲመልሱ፣ ማን እንደተናገረ፣ ማን እንደጻፈና ማን እንዳነበበ ጠይቀው እንዲመዘግቡ ብታደርጉ መልካም ነው። ደብዳቤዎቹ ቀድሞ በትምህርት ቤቱ በኩል ወደ ቤት እንደገቡ፣ አሁንም ወደ ታሪክ በዚያው በኩል ቢገቡ ተገቢ ይሆናል።