ለጆሮ ጩኸት የተከፈለ ዋጋ

ከውጭ ምንም ድምፅ ሳይኖር ጆሮ ውስጥ ጭው ሲል ወይም ሲያፏጭ የሚውል የሚያድር ጩኸት ሰው አይገድልም። እንቅልፍ ይነሳል፣ ሐሳብ ይበትናል፣ ሲበረታም ኑሮን ያስጠላል፤ በራሱ ግን ነፍስ አያጠፋም። ለጩኸቱ መድኃኒት በተፈለገ ቁጥር ይህ ነገር መጀመሪያ መታየት ነበረበት። የመድኃኒት የጎንዮሽ ጉዳት ብቻውን ክብደት የለውምና፤ ክብደቱ የሚታወቀው በሌላኛው የሚዛን ወገን የተቀመጠው ሲታይ ነው። ሞት ከተቀመጠ ብዙ ጉዳት ይቻላል። የተቀመጠው ጩኸት ብቻ ከሆነ ግን ትንሹም ጉዳት ሊያጋድል ይችላል። የእነዚህን መድኃኒቶች ታሪክ የተከታተለ ሰው አንድ እንግዳ ነገር ያስተውላል። የጆሮ ጩኸት የሌላ መድኃኒት ጉዳት ሆኖ ሲመጣ ሕክምና በሚገባ መዝኖታል፤ ጩኸቱ ራሱ ሊታከም ሲቀርብ ግን ሚዛኑ ተረስቷል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፍለጋው ጥንታዊ ነው። በነነዌ ከአሦር ንጉሥ ከአሹርባኒፓል ቤተ መጻሕፍት በተገኙት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዘመን በተሰበሰቡት የሸክላ ጽላቶች ላይ ስለሚጮህ ጆሮ ተጽፏል። ጆሮውን የሙት መንፈስ ይዞታል ተብሎ ይታመን ስለነበር ጆሮ ውስጥ የሚወተፈው መድኃኒትና የሚደገመው ድግምት አብረው ይታዘዙ ነበር። በ1ኛው መቶ ዘመን ሮማዊው የሕክምና ጸሐፊ ሴልሰስ ከጉንፋን የሚመጣውን ጩኸት ቀላል፣ ከሰነበተ ራስ ምታት የሚመጣውን ጠንከር ያለ፣ እንደ ሚጥል በሽታ ያለ ከባድ ደዌ ሊመጣ ሲል የሚቀድመውን ደግሞ ከሁሉ የከፋ ብሎ ለያየ። አለያየቱ ዛሬም ያስመሰግነዋል። ያዘዛቸውን ጠብታዎች ግን ዛሬ ማንም ጆሮው ውስጥ አያስገባም። ከጥንቱ ሁሉ ረጅም ዕድሜ ያገኘው መድኃኒት ያልነበረው ሐሳብ ነው። በአሪስቶትል ስም በሚታወቀው የጥያቄዎች መጽሐፍ ውስጥ፣ ጆሮ ውስጥ ያለው ጩኸት የውጭ ድምፅ ሲመጣ ለምን ይጠፋል ተብሎ ተጠይቆ፣ ትልቁ ድምፅ ትንሹን ስለሚያባርረው ነው የሚል መልስ ተሰጥቶበታል። በ1821 ፈረንሳዊው የጆሮ ሐኪም ዣን ኢታር ጩኸቱ ብዙ ጊዜ እንደማይድን ተቀብሎ፣ በሽተኛው እርጥብ እንጨት ከሚንጫጫበት ምድጃ አጠገብ እንዲቀመጥ መከረ። ጉዳት የሌለው፣ ከጥቅሙ በላይም ቃል ያልገባ ምክር ነበር።

በዚያው ዘመን አካባቢ ጩኸቱን በሽታ ሳይሆን የመድኃኒት ውጤት አድርጎ የሚያመጣ ነገር ተገኘ። በ1820 ፔልቲዬና ካቫንቱ የተባሉ ሁለት የፓሪስ የመድኃኒት ባለሙያዎች ከሲንኮና ዛፍ ቅርፊት ኩዊኒንን ነጥለው አወጡ። ወባን የሚያቆመው ይህ መድኃኒት መጠኑ ከፍ ሲል ጆሮን ያስጮኻል፣ መስማትን ያደክማል፣ ዓይንን ያደበዝዛል፣ ያቅለሸልሻል። ከ1876 ጀምሮ ለቁርጥማት ትኩሳት የተሰጠው ሶዲየም ሳሊሲሌትም፣ በ1899 ለገበያ የቀረበው ዘመዱ አስፕሪንም በከፍተኛ መጠን ያው ናቸው። የዚያ ዘመን ሐኪሞች ይህን ጉዳት አልደበቁትም፤ እንዲያውም መለኪያ አደረጉት። የሳሊሲሌቱን መጠን ጆሮ እስኪጮህ ድረስ ከፍ ያደርጉና ከዚያ ትንሽ ዝቅ ያደርጉታል። ጭካኔ ሊመስል ይችላል፤ ግን አልነበረም። በ1958 በኢትዮጵያ በተነሳው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150 ሺህ ያህሉ እንደሞተ ይገመታል። እንዲህ ባለ በሽታ ፊት መድኃኒቱ ሲቆም የሚቆም የጥቂት ቀን የጆሮ ጩኸት የሚያከራክር ዋጋ አይደለም። ኩዊኒንም ከጽኑ ወባ ሕክምና ቦታውን የለቀቀው ጆሮ ስላስጮኸ አይደለም። በ2010 ይፋ በሆነውና 5,425 አፍሪካውያን ሕፃናት በተካተቱበት ጥናት በኩዊኒን ከታከሙት 10.9 በመቶው ሲሞቱ፣ በአርቴሱኔት ከታከሙት የሞቱት 8.5 በመቶው ነበሩ። ሞት ከሞት ጋር ተመዘነ፣ የተሻለው ተመረጠ።

የቲቢው ታሪክ ከዚህ ይበልጥ ይመርራል። በ1943 በተመራማሪው ዋክስማን ቤተ ሙከራ አልበርት ሻትዝ ያገኘው ስትሬፕቶማይሲን ቲቢን ያሸነፈ የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ ነው። ብዙም ሳይቆይ በሽተኞች ሚዛናቸውን ሲስቱ፣ ጆሯቸው ሲጮህና መስማታቸው ሲደክም ታየ። የዚህ ቤተሰብ መድኃኒቶች የውስጠኛውን ጆሮ ፀጉር መሰል ህዋሳት ይገድላሉ፤ የሰው ጆሮ ደግሞ እነዚህን ህዋሳት መልሶ አያበቅልም። ቢሆንም መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሲመጣ ካናማይሲንና መሰሎቹ፣ ከእነሱም ጋር ካፕሪዮማይሲን፣ ለወራት በመርፌ መሰጠታቸው ግድ ሆነ። በአገራችንም ይህ ሕክምና በ2009 በአዲስ አበባ በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ሲጀመር መርፌው የሕክምናው አካል ነበር። በሕይወት ለመውጣት መስማትን መክፈል! እዚህ ላይ መከበር ያለበት ነገር፣ ዋጋው መቆጠሩ አለማቆሙ ነው። የበሽተኞች የመስማት ችሎታ ተለካ፣ ጉዳቱ ተመዘገበ፣ የዳኑትና የሞቱት ተነጻጸሩ። በ2018 የዓለም ጤና ድርጅት ካናማይሲንንና ካፕሪዮማይሲንን ከሚመከሩት ዝርዝር አውጥቶ በአፍ የሚወሰደውን ቤዳኩዊሊንን ወደ ፊት አመጣ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ጩኸቱን ራሱን ለማከም በተደረገው ሙከራ ላይ ብዙ ጊዜ አልታየም። ዋናው ታሪክ በ1930ዎቹ ይጀምራል። በውስጠኛው ጆሮ ላይ ባደረገው ምርምር የ1914ን የኖቤል ሽልማት ያገኘውና በኋላ በስዊድን ኡፕሳላ የሠራው ሮበርት ባራኒ፣ በደም ሥር የተሰጠ የማደንዘዣ መድኃኒት የጆሮ ጩኸትን ለጊዜው እንደሚያበርድ በ1935 ጻፈ። ከዚያ በዚያው በስዊድን በ1943 የተሠራው ሊዶኬይን ተተካ፤ ተደጋግሞ ሲሞከርም በብዙ በሽተኞች ላይ ጩኸቱን በእርግጥ ቀነሰው፣ በአንዳንዶቹም ላይ ፈጽሞ ዝም አሰኘው። ይህ ትልቅ ነገር ነበር፤ ጩኸቱ ሊነካ የማይችል ዕጣ እንዳልሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ ታይቷልና። ነገር ግን ዝምታው ከደቂቃዎች እስከ ጥቂት ሰዓታት ብቻ ይቆያል። መድኃኒቱ ቢዋጥ ጉበት አብዛኛውን ሰባብሮ ስለሚያስቀረው በክኒን መስጠት አይቻልም። በደም ሥር ሲገባ ከንፈር ያደነዝዛል፣ አንደበት ያኮላትፋል፣ ራስ ያዞራል፤ ከልኩ ካለፈ ያንቀጠቅጣል፣ የልብ ምትንም ያዛባል። ስለዚህ የሚዋጥ ወንድም ተፈለገለትና ለልብ ምት መዛባት የተሠራው ቶካይናይድ ለጆሮ ጩኸት ተሞከረ። ለጆሮው እንደ ሊዶኬይን አልሠራም፤ ነጭ የደም ህዋሳትን ሊያጠፋና በሳንባ ላይ ጠባሳ ሊያመጣ እንደሚችል ግን ታወቀ፤ በኋላም ከገበያ ወጣ። ልቡ አደገኛ ሁኔታ ላይ ላለ ሰው እንዲህ ያለው አደጋ ሊታሰብበት ይችላል። እንቅልፍ ለነሳ ፉጨት ግን እንዴት ይታሰባል?

ሁለተኛው ታሪክ ይበልጥ ያሳስባል፤ በውስጡ ያለው ስህተት በቀላሉ አይታይምና። በ1993 በአሜሪካ ፖርትላንድ ከተማ ተመራማሪዎች አልፕራዞላም የተባለውን የጭንቀት መድኃኒት በ40 ሰዎች ላይ ሞከሩ። መድኃኒቱን ወስደው እስከ መጨረሻው ከቆዩት 17 ሰዎች 13ቱ፣ ማለትም 76 በመቶው፣ ጩኸታቸው ቀነሰ፤ ባዶ እንክብል ከወሰዱት 19 ሰዎች ግን አንዱ ብቻ። በዚህ ሕመም ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለ ልዩነት ብርቅ ነው። ግን አልፕራዞላም ያስተኛል፣ ሰውነትን ያፍታታል፤ የወሰደው ሰው ባዶ እንክብል እንዳልወሰደ ሰውነቱ ራሱ ይነግረዋል። የጎንዮሽ ጉዳት ከመጉዳቱ በላይ የሚያደርገው ይህንን ነው፦ ምስጢሩን ያወጣል፣ ተስፋን ያነሳሳል፣ ተስፋውም እንደ ውጤት ይቆጠራል። ኮሶ የጠጡ አባቶቻችን ይህ ችግር አልነበረባቸውም። ኮሶ ሆድ ያላውሳል፣ ያቅለሸልሻል፣ ጉልበት ይሰብራል፤ የኮሶ ትሉ መውጣት አለመውጣቱ ግን ለማንም ይታያል። የከፈሉትንና ያገኙትን ጎን ለጎን ማየት ይችሉ ነበር። በጆሮ ጩኸት የሚታየው የተከፈለው ብቻ ነው፤ የተገኘውን የሚሰማው አንድ ሰው ነው፣ እሱም እንደ ቀኑና እንደ ስሜቱ ይለዋወጥበታል። የአልፕራዞላም ዋጋ ደግሞ ዘግይቶ የሚመጣ ነው። ሰውነት ይለምደዋል፤ በድንገት ሲቆም እንቅልፍ ይጠፋል፣ ጭንቀት ይመለሳል፣ ማንቀጥቀጥም ሊከተል ይችላል፤ ከማቋረጫ ምልክቶቹም አንዱ ያው የጆሮ ጩኸት ነው።

ጉዳት የላቸውም ተብለው በሰፊው ስለሚሸጡት ብዙ ማለት አያስፈልግም። የጊንኮ ቅጠል ጭማቂ በብሪታንያ በ1,121 ሰዎች ላይ ተሞክሮ በ2001 በታተመው ጥናት ከባዶ እንክብል አልበለጠም፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ግን የመድማት ስጋት ያመጣል። ለራስ ማዞር የሚታዘዘው ቤታሂስቲንም በ2018 ጥናቶቹ ተሰብስበው ሲመረመሩ ለጩኸቱ እንደሚረዳ ማስረጃ አልተገኘለትም። ትንሽ ጉዳትና ምንም ጥቅም ሲገናኙ ክፍያው ኪሳራ ነው፤ ገንዘቡ ሳይቆጠር።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሳው የመጀመሪያው ተቃውሞ ከባድ ነው። ጩኸቱ የሌለበት ሰው ዋጋውን ለሌላ ሰው የመተመን ምን መብት አለው? ሌሊቱን ሙሉ ዓይኑን ሳይከድን ያነጋ ሰው አደጋውን አውቆ ልሞክር ቢል ማን ይከለክለዋል? አይከለከልም፤ መከልከልም የለበትም። ግን አውቆ ነው ለማለት የሚያውቀው ነገር መኖር አለበት። ሬቲጋባይን የተባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት በ2011 በአሜሪካ ሲፈቀድ ቆዳን ሰማያዊ እንደሚያደርግ አልታወቀም ነበር። በ2013 ጩኸት እንዳይጀምር በአይጦች ላይ ማድረጉ ሲነገር የብዙ ጩኸታሞች ተስፋ ሆነ። በዚያው ዓመት ከንፈርንና ጥፍርን ሰማያዊ እንደሚያደርግና የዓይንን ሬቲና ቀለም እንደሚለውጥ ማስጠንቀቂያ ወጣ፤ በ2017 ተቋረጠ። በሌላ መንገድ መንቀጥቀጡ ላልቆመለት ሰው ይህ የሚከብድ ምርጫ ነበር። ከማስጠንቀቂያው በፊት ለጩኸት የወሰደ ሰው ቢኖር ግን ዋጋው ሳይነገረው ነው የከፈለው።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ ባዶ እንክብልም ቢሆን ካሻለ ተሻለ አይደለም ወይ የሚል ነው። ካሻለ ተሻለ። ግን ያሻለው ተስፋው ከሆነ ተስፋውን ያለ ሱሱና ያለ ሳንባ ጠባሳው መስጠት ይቻላል፤ ኢታር በምድጃው አድርጎታል። ሦስተኛው ደግሞ አማካይ ቁጥር ጥቂቶችን ይሰውራል ይላል፣ እሱም እውነት አለው። የመስማት ነርቭን የደም ሥር ሲጫነው እንደ ታይፕ መኪና የሚቆራረጥ ጩኸት የሚሰማቸው ጥቂት ሰዎች አሉ፤ እነሱን ካርባማዜፒን በእርግጥ ይረዳቸዋል። ይህ ግን ሚዛኑን ያጠብቀዋል እንጂ አያላላውም። ጥቅሙ ለእነዚያ ሰዎች ስለታወቀ፣ ራስ ማዞሩ፣ የደም ሶዲየም መቀነሱና አልፎ አልፎ የሚመጣው አደገኛ የቆዳ ቁስለት ከሚታወቅ ነገር ጋር ይመዘናል። እንዲህ ያለ የተለየ ጩኸት ለሌለበት ሰው የታዘዘ ካርባማዜፒን ሲሆን በሌላው ወገን የሚቀመጥ ነገር የለም።

በ2014 የወጣው የአሜሪካ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪሞች መመሪያ የድብርት፣ የሚጥል በሽታና የጭንቀት መድኃኒቶች ለጆሮ ጩኸት በመደበኛነት እንዳይታዘዙ፣ ጊንኮና ዚንክም እንዳይመከሩ አለ። የመስማት ችግር ላለበት የመስሚያ መሣሪያን፣ ለሚያስጨንቀው ደግሞ አስተሳሰብን የሚያግዝ የሥነ ልቦና ሕክምናን አስቀደመ። የመስሚያ መሣሪያው ውድ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያውም ጥቂት በሆነበት እንደ እኛ ባለ አገር ይህ የሀብታም ምክር ነው የሚል ቅሬታ ይነሳል፤ ተገቢም ነው። መድኃኒቱ ግን ቅርብ ስለሆነ ብቻ አይሠራም። ቅርብ የሆነ ሌላ ነገርም አለ፦ ዝግ ባለ ድምፅ የተከፈተ ሬዲዮ፣ ከዚያ በፊት ደግሞ በሽተኛው አሁን ምን እየወሰደ እንደሆነ መጠየቅ። ጩኸቱ ብዙ አስፕሪን ወይም ኩዊኒን ከመውሰድ የመጣ ከሆነ ሐኪሙ መድኃኒቱን ሲቀንስ ወይም ሲያቆም አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ይበርዳል። በሽተኛው የስትሬፕቶማይሲን ዘመድ የሆነውን ጀንታማይሲን እየተወጋ ሳለ ጆሮው መጮህ ከጀመረ ግን የሚቀጥለው መርፌ ሳይሰጥ ለሐኪሙ መነገር አለበት።