የባቢሌ ኦቾሎኒ ትውልድ

በሀይሌ ጋርመንት አደባባይ ታክሲ የሚጠብቀው መንገደኛ ከቆሎ ሻጯ በስኒ አስለክቶ፣ ቀዩን ልጣጭ በጣቱ እያሸ የሚቆረጥመው ኦቾሎኒ፣ ጥንተ ሀገሩ ደቡብ አሜሪካ ሲሆን፣ ወደ ሐረርጌ የገባው ገና ባለፈው መቶ ዓመት እንደ ሆነ ይነገራል፤ ዛሬ ግን የባቢሌ አሸዋማ መሬት ያለ እርሱ አይነሣም።

በ1940ዎቹ ዓ.ም. የተቆረቆረው የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ፣ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ ለዚያ ምድር ጎረቤት እንደ መሆኑ፣ የዘር መረጣውን ሥራ ይዞ ባቢሌ 1፣ ባቢሌ 2 እና ባቢሌ 3 የተባሉትን ዝርያዎች ለገበሬው አበርክቷል። የሰብሉ ደዌያት ዋግና የቅጠል ነጠብጣብ ናቸው፤ ከሁሉ የሚከፋው ግን በድርቅ በተጨነቀ ፍሬ ላይ አድሮ፣ አፍላቶክሲን የተባለውን ለዓይን የማይገለጥ መርዝ የሚያፈልቀው ሻጋታ ነው።

ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 የተክሉን ጂኖም አንብበው ባወጡ ጊዜ፣ ከሁለት የዱር ወላጆች ተዋሕዶ የተወለደ፣ ከዘመዶቹም ተነጥሎ የኖረ ስለ ሆነ፣ የውርስ ሀብቱ የጠበበ መሆኑ ይበልጥ ተረዳ፤ የቦሊቪያው የዱር ዘመዱ አራኪስ ካርዴናሲ ግን፣ በማዳቀል፣ ዋግንና ነጠብጣብን የሚቋቋም ውርስ አቀብሎታል። ዛሬ አዳቃዩ ይህን ውርስ በችግኙ ዘረ መል ምልክት ስለሚለየው፣ ደዌው በማሳ እስኪወጣ አይጠብቅም።

በእኔ ግምት ይህ ጥበብ ከሁሉ አስቀድሞ ሊዘምት የሚገባው በአፍላቶክሲን ላይ ነው፤ እስከዚያው ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ የሻገተውንና የተጨማደደውን ፍሬ ለይተህ ጣል።