ቆጣቢው ፕሬዚዳንት፦ ሲልቫኑስ ኦሊምፒዮና የሎሜዋ ንጋት

ግንቦት 1955 ዓ.ም. 30 ነጻ አገሮች አዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ሲመሠርቱ ቶጎ አልተገኘችም። ነጻነቷን ካወጀች ሦስት ዓመት ሞልቷት ነበር፤ ቀደም ሲል በሞንሮቪያና በሌጎስ በተካሄዱት ስብሰባዎችም ተካፍላለች። ያስቀራት የጥር ወሩ ደም ነው። ፕሬዚዳንቷ ጉባኤው ሊከፈት አራት ወር ሲቀረው በወታደሮች ተገደሉ፤ በቦታቸው የተተካውን መንግሥት እንወቀው አንወቀው በሚል የአፍሪካ መሪዎች ለሁለት ተከፈሉ። ግንቦት 17 ቀን የተፈረመውን ቻርተር ያገላበጠ ሰው አንቀጽ 3 ላይ የፖለቲካ ግድያን በማናቸውም መልኩ የሚያወግዝ ቃል ያገኛል። ስለ ሉዓላዊነትና ስለ ድንበር መከበር በሚናገር ሰነድ መካከል ይህ ቃል ከየት መጣ ቢሉ፣ የመጣው ከቶጎ ዋና ከተማ ከሎሜ ነው።

ሟቹ ፕሬዚዳንት ሲልቫኑስ ኦሊምፒዮ ይባላሉ። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) የተወለዱት በ1902 ክፓንዱ በተባለች ከተማ ነው። ያኔ ክፓንዱ የጀርመን ቅኝ ግዛት የነበረችው ቶጎላንድ አካል ነበረች፤ ዛሬ ጋና ውስጥ ናት። ቤተሰባቸው ከብራዚል ወደ ምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ከተሻገሩት ነጋዴ ቤተሰቦች ይመዘዛል፤ አጎታቸው ኦክታቪያኖ ከሎሜ ባለጸጎች አንዱ ነበሩ። ልጅየው የጀርመን ትምህርት ቀስሞ፣ በእንግሊዞች ዘመን እንግሊዝኛ ለምዶ፣ ፈረንሳዮች ሲመጡ ፈረንሳይኛ ጨመረ፤ ኢዌኛና ፖርቱጋልኛም ይችል ነበር። በ1926 ከለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ተመርቀው ወጡ፤ በዚያ ዘመን ለአንድ ምዕራብ አፍሪካዊ ይህ ብርቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁለት አሥርት ዓመታት ያህል የኖሩት ነጋዴ ሆነው ነው። የዩኒሊቨር ንብረት በሆነው በዩናይትድ አፍሪካ ኩባንያ ተቀጥረው የቶጎው ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ እስከ መሆን ደረሱ። የኮኮዋና የፓልም ዘይት ዋጋ፣ የመርከብ ኪራይ፣ የደንበኛ ዕዳ፣ የዓመት መዝጊያ ሒሳብ፤ የዕለት ውሏቸው ይህ ነበር። በዘመኑ የአፍሪካ መሪዎች በአብዛኛው ከመምህርነት፣ ከሠራተኛ ማኅበር ወይም ከጥብቅና የመጡ ናቸው። ኦሊምፒዮ የመጡት ከሒሳብ መዝገብ ነው፤ በኋላ አገር ሲመሩም እጃቸው ከዚያ መዝገብ አልተነሣም። በእኔ አስተያየት መልካሙም ክፉውም የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ወደ ፖለቲካ የገፋቸው ድንበር ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዝና ፈረንሳይ ቶጎላንድን ከጀርመን ቀምተው ለሁለት ሲካፈሏት፣ በዚያ ምድር የሚኖረው የኢዌ ሕዝብም ይበልጥ ተሰነጠቀ። ሎሜን ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል፦ ዋና ከተማዋ የተሠራችው ድንበሩ ጥግ ላይ ነው፤ የከተማው ጎዳና የሚያልቅበት ቦታ አፍላኦ፣ ጋና ይባላል። ለገበያ፣ ለለቅሶ ወይም ለሠርግ የሚሻገር ሰው የጉምሩክ ኬላ ይጠብቀዋል። ኦሊምፒዮ ያነገቡት ዓላማ ይህን ሕዝብ መልሶ አንድ ማድረግ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለናዚ ያደረው የቪሺ ፈረንሳይ አስተዳደር ጠርጥሯቸው፣ ዳሆሜ (የዛሬዋ ቤኒን) ውስጥ ጁጉ በተባለ ቦታ አግቷቸው ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በ1947 ኒውዮርክ ሄደው በተባበሩት መንግሥታት የባለአደራ ምክር ቤት ፊት ስለ ኢዌ ሕዝብ አቤት አሉ። ምክር ቤቱ ፊት በአካል ቆመው አቤቱታ ካሰሙት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ናቸው፤ በየዓመቱ እየተመላለሱም ደጅ ጠኑ።

የሕዝቡ አንድነት ግን አልተሳካም። በ1956 በእንግሊዝ እጅ ያለችው ቶጎላንድ ድምፅ ስትሰጥ አብላጫው ከጎልድ ኮስት ጋር መቀላቀልን መረጠ፤ ኢዌዎች የሚበዙበት ደቡቡ ክፍል ተቃውሞ ነበር፤ የሰማው የለም። ኦሊምፒዮ የተወለዱባት ከተማም በዚያው ከነገዋ ጋና ጋር ቀረች። ከዚህ በኋላ ትኩረታቸውን በፈረንሳዩ ክፍል ነጻነት ላይ አደረጉ። ፈረንሳዮች ከምርጫ አግደዋቸው ስለነበር በሚያዝያ 1958 በተባበሩት መንግሥታት ታዛቢነት በተካሄደው ምርጫ ራሳቸው አልተወዳደሩም፤ ፓርቲያቸው ግን በሰፊ ልዩነት አሸነፈና ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ተሸናፊው ኒኮላስ ግሩኒትዝኪ በፈረንሳይ የሚደገፉ ፖለቲከኛ ሲሆኑ፣ የኦሊምፒዮ አማችም ነበሩ። ስማቸው በኋላ ይመጣል።

ቶጎ ሚያዝያ 27 ቀን 1960 ነጻ ወጣች። ከዚህ በኋላ ትልቁ ፈተና የመጣው ከጎረቤት ነው። የጋናው መሪ ክዋሜ ንክሩማህ ቶጎ ከጋና ጋር እንድትዋሐድ ይፈልጉ ነበር፤ ኦሊምፒዮ ደግሞ ከፈረንሳይ እጅ ወጥቼ አክራ እጅ አልገባም ባይ ሆኑ። ጋና ድንበሯን ዘጋች። የንክሩማህ ተቃዋሚዎች ሎሜ፣ የኦሊምፒዮ ተቃዋሚዎች አክራ ተጠለሉ፤ አንዱ በሌላው ላይ ሤራ ይጎነጉናል የሚለው ክስ ማለቂያ አልነበረውም። በጥር 1962 ኦሊምፒዮ ከግድያ ሙከራ ለጥቂት አመለጡ። የአፍሪካ አንድነት ሰባኪና የአንድ ሕዝብ አንድነት ተሟጋች በአንድ ድንበር ላይ እንዲህ መናከሳቸው የዘመኑ አሳዛኝ ገጽ ነው፤ ሁለቱም የቅኝ ገዢዎችን መስመር እንጠላለን ይሉ ነበርና።

በአገር ውስጥ ኦሊምፒዮ ያስተዳደሩት እንደ ሥራ አስኪያጅ ነው። የፈረንሳይ የበጀት ድጎማ ነጻነትን ያላሽቃል ብለው ስላመኑ ወጪን ቆረጡ፣ በጀቱን ከገቢው ጋር አስተካከሉ። የፎስፌት ማዕድን ወደ ውጭ መላክ መጀመሩም ተስፋ ሰጣቸው። ከምዕራብ ጀርመንና ከአሜሪካ ጋር ተወዳጁ፤ በመጋቢት 1962 ዋሽንግተን ሄደው ከፕሬዚዳንት ኬኔዲ ጋር ተገናኙ። ከሁሉ የደፈሩት ግን በገንዘብ ጉዳይ ነው። ቶጎ ከፈረንሳዩ የሴፋ ፍራንክ ወጥታ የራሷን ገንዘብ እንድታትም አሰቡ፤ ማዕከላዊ ባንክ የሚያቋቁመው ሕግም በ1962 መጨረሻ ወጣ።

እዚህ ላይ ግን ማሞካሸቱን ገታ ማድረግ ይገባል። ኦሊምፒዮ ተቃዋሚ አይወዱም ነበር። በሚያዝያ 1961 ምርጫ የተቀናቃኞቻቸው ዝርዝር በሥርዓት ሰበብ ተሰርዞ፣ እሳቸው ብቻቸውን ተወዳድረው ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ ፓርቲያቸው የምክር ቤቱን መቀመጫ በሙሉ ጠቀለለ። በ1962 መጀመሪያ ደግሞ ትናንት አብሯቸው የታገለውን ጁቬንቶ የተባለውን የወጣቶች ፓርቲ አገዱ፤ ብዙዎች ታሰሩ። ሰሜኑ ደቡቦች በሉን ይላል፤ ነጋዴው ግብር በዛብኝ ይላል፤ የቡና ቤት ወሬውን ሰብስቦ ለመንግሥት ጆሮ የሚያደርስ ፓርላማ ግን አልተረፈም። ያ የመጨረሻ ቀን ሲመጣ ለእሳቸው አደባባይ የወጣ ሕዝብ ያልነበረው በዚህ ሳቢያ ይመስለኛል።

የአልጄሪያ ጦርነት በ1962 ሲያበቃ ፈረንሳይ ያሰለፈቻቸውን አፍሪካውያን ማሰናበት ጀመረች። ቶጎዎቹ በአብዛኛው የሰሜን ካቢዬ ተወላጆች ናቸው፤ ከጠመንጃ በቀር ሌላ ሙያ አያውቁም። ወደ አገራቸው ተመልሰው በብሔራዊው ጦር እንቀጠር አሉ። የቶጎ ጦር በመቶዎች የሚቆጠር አነስተኛ ኃይል ነበር፤ ኦሊምፒዮም ከዚያ በላይ አያስፈልግም ባይ ናቸው። ለሒሳብ ሰው ጦር ወጪ እንጂ ገቢ የለውም። ከዚያም በላይ እነዚህ ሰዎች የአልጄሪያን ሕዝብ ነጻነት ለመንፈግ የተዋጉ መሆናቸውን አልረሱትም። ወታደሮቹ ደጋግመው አመለከቱ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አሏቸው። ሥራ ፈትቶ የተዋረደ ወታደር ምን ሊያደርግ እንደሚችል አልገመቱም። ያኔ በነጻዋ ምዕራብ አፍሪካ መፈንቅለ መንግሥት የሚባል ነገር ገና አልታየም ነበርና፣ አለመገመታቸው ብዙም አያስፈርድባቸውም።

ጥር 12 ቀን 1963 ሌሊት፣ ለእሑድ አጥቢያ፣ ወታደሮች የፕሬዚዳንቱን መኖሪያ ሰብረው ገቡ። መሪያቸው ኢማኑኤል ቦጆሌ የተባለ የበታች ሹም ሲሆን፣ ከአድመኞቹ መካከል በኢንዶቻይናና በአልጄሪያ የተዋጋው ሳጅን ኤቲየን ኤያዴማ ነበር። የአሜሪካ ኤምባሲ የኦሊምፒዮ የግቢ ጎረቤት ነበር። የ60 ዓመቱ ፕሬዚዳንት በጨለማ አጥሩን ዘለው ገቡና እዚያ ቆማ በነበረች መኪና ውስጥ ተሸሸጉ። አምባሳደር ሊዮን ፑላዳ የተኩሱን ወሬ ሰምተው ሲመጡ መኪናዋ ውስጥ አገኟቸው፤ የኤምባሲው ሕንፃ ተቆልፏል፣ ቁልፉ ደግሞ በእጃቸው የለም። ቁልፍ ለማምጣት ወደ ቤታቸው ተመለሱ። እስኪመለሱ ወታደሮቹ ፕሬዚዳንቱን አግኝተው ከግቢው አስወጡ፤ ገና በጠዋቱ ከኤምባሲው በር ደጃፍ ላይ ተኩሰው ገደሏቸው። ኤያዴማ ተኩሼ የገደልኩት እኔ ነኝ ብሎ ለውጭ ጋዜጠኞች ፎከረ፤ ከዓመታት በኋላ ግን ካደ።

ወታደሮቹ ሥልጣኑን ለራሳቸው አልያዙትም፤ በስደት የነበሩትን የኦሊምፒዮን አማች ግሩኒትዝኪን አምጥተው በመንበሩ አስቀመጡ። የጦሩ ቁጥር ወዲያው ጨመረ። የራስ ገንዘብ ዕቅዱ ተጣለ፤ ቶጎም በዚያው ዓመት የሴፋውን የገንዘብ ኅብረት ተቀላቀለች። ከዚህ ተነሥቶ ኦሊምፒዮን ያስገደለቻቸው ፈረንሳይ ናት የሚለው ወሬ በአፍሪካ ወጣቶች ዘንድ እንደ ተረጋገጠ ታሪክ ይነገራል። ጥርጣሬው መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፤ በሞታቸው ማን እንደ ተጠቀመ ግልጽ ነው። ማስረጃ ግን አልቀረበም፤ የወታደሮቹ ቂም ብቻውን የዚያን ሌሊት ሥራ ለመሥራት በቂ ነበር። በጊዜው ደግሞ ብዙ ጣት የተቀሰረው ወደ ፓሪስ ሳይሆን ወደ አክራ ነው።

ግሩኒትዝኪ አራት ዓመት ቆዩ። ልክ በግድያው አራተኛ ዓመት፣ ጥር 13 ቀን 1967፣ ኤያዴማ ሥልጣኑን ራሱ ጠቀለለ፤ ቀኗንም ብሔራዊ የነጻ መውጣት በዓል አደረጋት። የኦሊምፒዮ ልጆች በስደት ኖሩ፤ ከእነሱ አንዱ፣ ተቃዋሚውን የመሩት ጊልክሪስት ኦሊምፒዮ፣ በ1992 ቶጎ ውስጥ ሶዱ አጠገብ ከተጣለባቸው የደፈጣ ጥቃት ክፉኛ ቆስለው ተረፉ።

አዲስ አበባ ላይ የፖለቲካ ግድያን ያወገዘው ድርጅት ደግሞ በሐምሌ 2000 የመሪዎቹን ጉባኤ ያደረገው ሎሜ ነው፤ አስተናጋጁ ኤያዴማ። የዛሬው የአፍሪካ ኅብረት መመሥረቻ ሕግ የጸደቀው እዚያ ነው። ሕገ መንግሥትን ጥሶ ሥልጣን መያዝን የሚከለክለው፣ የሎሜ መግለጫ የሚባለው ሰነድም የወጣው በዚሁ ጉባኤ ነው። የጉባኤው ታዳሚዎች ይህን መግለጫ ሲያጸድቁ ምን እንደ ተሰማቸው ቢጽፉት ደስ ባለኝ።

ኤያዴማ በየካቲት 2005 እስኪሞት 38 ዓመት ገዛ። ጦሩ ወዲያው ልጁን ፎር ኛሲንግቤን ሾመ፤ የአፍሪካ ኅብረት ቶጎን አገደ፤ ልጅየውም ለጊዜው ወርዶ በዚያው ዓመት በምርጫ ተመለሰ። በ2024 ሕገ መንግሥቱ ተለውጦ፣ በ2025 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ፕሬዚዳንት በሚል አዲስ ማዕረግ አሁንም አገሪቱን ይመራል። በሲልቫኑስ ኦሊምፒዮ ግድያ ለፍርድ የቀረበ አንድም ሰው የለም።