የሽጉጥ ዋጋ፦ ከመቅደላ እስከ ከረሪ

አማርኛ ለጦር መሣሪያ የሰጠው ስም አብዛኛውን ጊዜ መሣሪያው የመጣበትን አገር ወይም የሠሪውን ስም ያስታውሳል። ውጅግራ ከፈረንሳዩ ግራ ጠመንጃ፣ ስናድር ከእንግሊዙ ስናይደር፣ ምንሽር ከኦስትሪያው ማንሊኸር፣ በልጅግም ከቤልጂግ አገር የተወረሱ ስሞች ናቸው። ሽጉጥ ግን ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። ቃሉ «ሸጎጠ» ከሚለው ግስ የወጣ አገርኛ ቃል ሲሆን ዕቃውን በአሠራሩ ሳይሆን በአያያዙ ይጠራዋል። ጠመንጃ በትከሻ ይነገታል፤ ለወዳጅም ለጠላትም ይታያል። ሽጉጥ ደግሞ በወገብ ይሸጎጣል፤ ከዓይን ይሰወራል። እንግዲህ ስመ ጥር ፋብሪካ የሠራው፣ በብር የተለበጠ ውድ ሽጉጥ ለሽያጭ ሲቀርብ፣ ዋጋው በእርግጥ የሚገባው ነውን? የሚለው ጥያቄ ከስሙ ጋር አብሮ የተወለደ ይመስላል።

ጥያቄው ለካላክላ ነዋሪ ባዕድ አይደለም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በካርቱም የተኩስ ድምፅ ከተሰማ በኋላ ፖሊስም ዳኛም ከከተማው ጠፍተው፣ የቤቱን በር ራሱ የሚጠብቅ አባወራ ሁሉ መሣሪያ ቢኖረኝ ኖሮ ብሎ ሳያስብ አልቀረም። ለዚህ ሐሳብ ታሪክ የሚሰጠው መልስ አለ፤ መልሱም ሩቅ አገር አይደለም። በ30 ዓመት ልዩነት፣ አንዱ በኢትዮጵያ ተራራ ላይ፣ ሌላው ከካላክላ ነጭ ዓባይን ይዞ ወደ ሰሜን ለሄደና ኦምዱርማንን ላለፈ መንገደኛ በሚገኘው በከረሪ ሜዳ፣ ሁለት ውድ ሽጉጦች ዋጋቸው ተፈትኗል።

የመጀመሪያው የዐፄ ቴዎድሮስ ሽጉጥ ነው። የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን እ.ኤ.አ. በ1860 በጎንደር አቅራቢያ በሽፍቶች እጅ ወድቆ ቆሰለ፤ በገንዘብ ተዋጅቶ ቢለቀቅም ከቁስሉ ሳይድን ሞተ። ዐፄ ቴዎድሮስ ወዳጃቸው ነበርና ደሙን በጦር ተበቀሉለት። ንግሥት ቪክቶሪያም ለዚህ ውለታ ምስጋና እንዲሆን ሽጉጦችን በስጦታ ላከች። በአዲሱ ቆንስል በቻርልስ ዳንካን ካሜሮን እጅ እ.ኤ.አ. በ1862 የደረሱት እነዚህ ሽጉጦች የንግሥቲቱንና የንጉሠ ነገሥቱን ስም፣ ለፕላውደን የተደረገውንም ደግነት የሚያወሳ ጽሑፍ ተቀርጾባቸው ነበር። በዘመኑ ከእጅ መሣሪያ ሁሉ ከዚህ የበለጠ ክብር ያለው አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይሁን እንጂ ዐፄ ቴዎድሮስ የፈለጉት የተሠራ ሽጉጥ ሳይሆን ሽጉጥ የሚሠራ እጅ ነበር። ለንግሥቲቱ በዚያው ዓመት የጻፉት ደብዳቤ ወዳጅነትን የሚጠይቅና መልእክተኞቻቸው በሰላም የሚያልፉበትን መንገድ የሚሻ ነበር። ደብዳቤው ለንደን ደረሰ፤ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት መዝገብ ውስጥ ተቀመጠ፤ መልስ ግን አላገኘም። ንጉሠ ነገሥቱም እ.ኤ.አ. በ1864 መጀመሪያ ላይ ካሜሮንን አሠሩ። በጋፋት የነበሩትንም አውሮፓውያን ሚስዮናውያንና የእጅ ባለሙያዎች መድፍ እንዲያቀልጡ አዘዙ። ሴባስቶፖል የተባለውና ወደ 7 ቶን የሚመዝነው መድፍ የተወለደው ከዚህ ነው። ያን የሚያህል ብረት ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በገደልና በሸለቆ የተጎተተው በብዙ ሰው ክንድና ትከሻ ነበር።

ፍጻሜው የታወቀ ነው። የጄኔራል ናፒየር ጦር ወደ 13 ሺህ የሚጠጉ ወታደሮችንና 44 ዝሆኖችን ይዞ ከዙላ ወደ መቅደላ ወጣ፤ ዘመቻው የእንግሊዝን ግምጃ ቤት ወደ 9 ሚሊዮን ፓውንድ እንዳስወጣ ይነገራል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ እጅ መስጠትን ንቀው በገዛ እጃቸው ሲሞቱ የተጠቀሙበት መሣሪያ ያው የቪክቶሪያ ስጦታ ነበር። ለንጉሥ የተላከው ውድ ሽጉጥ መንግሥትን አላዳነም፤ ምርኮን ግን አስቀረ። ዋጋውን የሚመዝን ሰው ሁለቱንም በአንድ ሚዛን ላይ ማኖር ይገባዋል። እንግሊዞችም በበኩላቸው በመቅደላ ያወጡትን ያን ሁሉ ሚሊዮን አንዲት የመልስ ደብዳቤ ልታስቀርላቸው ትችል እንደነበር ከፍጻሜው በኋላ የተረዱ ጥቂቶች አልነበሩም።

ከመቅደላ በኋላ የመጡት መሪዎች ከዚህ የተማሩ ይመስላል፤ ዓይናቸው ከጌጠኛው መሣሪያ ይልቅ በብዛቱና በጥይቱ ላይ አረፈ። ደጃዝማች ካሣ ምርጫ ለናፒየር ጦር መንገድ በመፍቀዳቸውና ስንቅ በማቅረባቸው መድፎችንና ከ800 በላይ ጠመንጃዎችን አገኙ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1871 በዐድዋ አጠገብ በቁጥር እጅግ የሚበልጣቸውን የዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን ሠራዊት ድል አድርገው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ተባሉ። በ1875 በጉንደት፣ በ1876 በጉራዕ የግብፅን ጦር ሲያሸንፉም የረሚንግተን ጠመንጃዎች በምርኮ ገቡ። ለነዚህ መሣሪያዎች የተከፈለው ዋጋ ብር ሳይሆን ደም ነበር።

በሸዋ በኩል ንጉሥ ምኒልክ መሣሪያ ሲገዙ ነጋዴውን በሚገባ ያውቁ ነበር። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ቅኔውን ትቶ ነጋዴ በሆነ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1886 መጨረሻ ከታጁራ ተነሥቶ ወደ 2 ሺህ የሚጠጉ ጠመንጃዎችን ወደ ሸዋ ጭኗል። ራምቦ ለቤተሰቡ እንደ ጻፈው ጠመንጃዎቹ አውሮፓ ከ40 ዓመት በፊት የጣለቻቸው አሮጌዎች ነበሩ፤ በሊየዥ ወይም በፈረንሳይ አሮጌ መሣሪያ የሚሸጡ ነጋዴዎች ዘንድ 7 ወይም 8 ፍራንክ ያወጣሉ፤ ለሸዋው ንጉሥ የሚሸጡት ግን በ40 ፍራንክ ገደማ ነበር። እንደዚህ ባለ ሽያጭ ውስጥ ስሙ የገነነ ዕቃና ዋጋው የናረ ዕቃ አንድ እንዳልሆኑ ግልጽ ነው። ምኒልክም በእንጦጦ ሒሳቡን ሲያደርጉ የሟቹን የራምቦ ሸሪክ ዕዳ ቀንሰው፣ ዋጋውንም በራሳቸው ሚዛን ወስነው፣ ቀሪው በሐረር እንዲከፈለው ለመኰንን ማዘዣ ጻፉለት። ነጋዴው ያሰበውን ትርፍ ሳያገኝ ተመለሰ።

በዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ገበያ የመሣሪያን ዋጋ የሚመዝንበት ሌላም መንገድ ነበረው። ጥይት ራሱ ከማርትሬዛ ብርና ከአሞሌ ጨው ጎን እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር፤ ባላገሩ ዕቃ ገዝቶ በጥይት ይከፍላል። ይህ ልማድ ትልቅ ትምህርት አለው። ጥይቱ በገበያ የሚገኝለት ጠመንጃ ዋጋ አለው፤ ጥይቱ የማይገኝለት ግን የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን በግድግዳ ላይ የሚሰቀል ብረት ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ የተሰለፈው ሠራዊት ልዩ ልዩ ዓይነት ጠመንጃ የያዘ ቢሆንም፣ ያሸነፈው በመሣሪያው ውድነት ሳይሆን በብዛቱ፣ በስንቁና በአንድነቱ ነው።

በሱዳን ምድርም ተመሳሳይ ሒሳብ ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 5 ቀን 1883 በሸይካን የሂክስ ፓሻ ጦር ሲደመሰስ ረሚንግተኖቹ በመሐዲ ተከታዮች እጅ ገቡ። ቀጥሎ ካርቱም ተከበበች። የከተማዋ መከላከያ ቦይና ምሽግ ከነጭ ዓባይ እስከ ጥቁር ዓባይ ከከተማዋ በስተደቡብ የተዘረጋ ነበርና የዛሬዋ ካላክላ ያለችበት ምድር ከምሽጉ ውጭ፣ ከከበበው ጦር ወገን ነበር። በጄኔራል ጎርደን ዘመን ካርቱም የራሷ የመሣሪያ ግምጃ ቤት ነበራት፤ ጥይትም በዚያው ይሠራ ነበር። ያለቀው ጥይት ሳይሆን እህል ነው። በሁለት ዓባዮች መካከል የተራበች ከተማ፣ «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለውን ተረት ታስታውሳለች። ጥር 26 ቀን 1885 ንጋት ላይ የወንዙ ውኃ ጎድሎ በነጭ ዓባይ በኩል የምሽጉ ጫፍ ደረቀ፤ የመሐዲ ተዋጊዎችም በዚያው ጭቃ ገቡ።

ድል አድራጊዎቹ ደግሞ በተራቸው የጥይትን ነገር አዩ። በኸሊፋ አብዱላሂ ዘመን በኦምዱርማን የተተኮሱ ቀለሆች እየተለቀሙ እንደገና በባሩድ ይሞሉ ነበር። ባሩዱ ደካማ ነበርና ጥይቱ ሩቅ አይደርስም። በእጅ የነበረው ረሚንግተን ያው ጥሩ ጠመንጃ ቢሆንም፣ ጥይቱ ሲረክስ እርሱም አብሮ ረከሰ።

ሁለተኛው ሽጉጥ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 2 ቀን 1898 በከረሪ ጦርነት ከ21ኛው የፈረሰኛ ክፍለ ጦር ጋር የተሰለፈው የ23 ዓመት መኰንን ዊንስተን ቸርችል ነበር። የእንግሊዝ መኰንኖች ሽጉጣቸውን በገዛ ገንዘባቸው ይገዙ ነበርና ቸርችል በጊዜው አዲስ የነበረውን ጀርመን ሠራሽ ማውዘር ሽጉጥ ገዝቷል። መሣሪያው ማምረት የተጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት ብቻ በ1896 ነው፤ 10 ጥይት ይጎርሳል፤ በተተኮሰ ቁጥር ራሱ ያቀባብላል። ከዘመኑ ስድስት ጎራሽ ሽጉጦች ጋር ሲተያይ አሠራሩም ዋጋውም የላቀ ነበር።

ቸርችል ይህን ሽጉጥ የመረጠው ለጌጥ አልነበረም። በ1896 ሕንድ ሲገባ፣ ቦምቤይ ላይ ከጀልባ ሲወርድ ትከሻው ወልቆ ነበርና ከዚያ ወዲህ በፈረስ ላይ ሆኖ ሰይፍ መጠቀም ያስፈራው ነበር። ከ400 የማይበልጡት ፈረሰኞች ወደ ጥቂት መስለው ወደታዩዋቸው ተዋጊዎች ሲጋልቡ በተሰወረ ፈፋ ውስጥ ከሁለት ሺህ በላይ ሰው ጠበቃቸው። ሁለት ደቂቃ ያህል በቆየው ግጥሚያ 70 ያህል ፈረሰኞች ሞቱ ወይም ቆሰሉ፤ 119 ፈረሶች ወደቁ። ቸርችል ሰይፉን ወደ አፎቱ መልሶ በማውዘሩ እየተኮሰ ያለ አንዳች ጭረት ወጣ። በኋላም በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ለሽጉጡ ባለውለታ መሆኑን አልሸሸገም። ለዚያ ሰው፣ በዚያች ቀን፣ ለዚያ ትከሻ ማውዘሩ ዋጋውን መልሷል።

ነገር ግን የከረሪን ዕጣ የወሰነው ሽጉጡ አልነበረም። የፈረሰኞቹ ግልቢያ ባይደረግም ውጤቱ አይለወጥም ነበር። ኸሊፋውን ያሸነፈው በበረሃ ላይ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ፣ በዓባይ ላይ የቆሙት የጦር ጀልባዎች፣ መድፉና ማክሲም መትረየሱ ነው። ከኸሊፋው ወገን ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው ሲሞት ከኪችነር ጦር የሞቱት ወደ 50 ይጠጋሉ። በዚህ ቁጥር ፊት የአንድ መኰንን ውድ ሽጉጥ የሚያድነው አንድን ሰው ብቻ ነው፤ እርሱንም በዕድል።

ከሁለቱ ሽጉጦች ታሪክ የሚወጣው ሚዛን እንግዲህ ሦስት ነገር ይጠይቃል። አንደኛው፣ መሣሪያው ለየትኛው ችግር ተፈለገ? የሚለው ነው፤ ቸርችል ችግሩን ያውቅ ነበር፣ ንግሥት ቪክቶሪያ ግን የዐፄ ቴዎድሮስን ችግር አላወቀችም። ሁለተኛው፣ ጥይቱና ጥገናው ከወዴት ይገኛል? የሚለው ነው፤ የኦምዱርማን ቀለህና የሸዋ ገበያ ለዚህ ምስክር ናቸው። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ መሣሪያው ምን አስከትሎ ይመጣል? የሚለው ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች መልስ አግኝተውም በሦስተኛው የሚወድቅ ሽጉጥ ብዙ ነው።

ይህ ሦስተኛው ጥያቄ በካላክላ ኑሮ ውስጥ ከባድ ነው። የ2023 ጦርነት በተነሣ ጊዜ በከተማው የተዋጉት ከባድ መሣሪያና አውሮፕላን የያዙ ኃይሎች ነበሩ፤ የሱዳን ጦር እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ካርቱምን መልሶ እስኪይዝ ድረስም የደቡብ ሰፈሮች ከመከራው አልዳኑም። በእንዲህ ያለ ጦርነት መካከል በአንድ ቤት ውስጥ የተገኘ ሽጉጥ ባለቤቱን ከመጠበቅ ይልቅ ተዋጊ ያሰኘዋል፤ ለስደተኛና ለባዕድ አገር ሰው ደግሞ ፍርዱ ይበልጥ ይከፋል። ብዙዎች በዚያ ወራት ነፍሳቸውን ያተረፉት በመተማ በኩል ድንበር ተሻግረው ነው። ያቺ መተማ ዐፄ ዮሐንስ በ1889 እ.ኤ.አ. የወደቁባት፣ ኋላም የስንቱን ቤተሰብ ሸክም የተቀበለች ከተማ ናት። በዚያ መንገድ ላይ ዋጋ የነበረው ለመኪና የሚከፈል ገንዘብ፣ ውኃ፣ የመታወቂያ ወረቀትና የሚታመን የመንገድ ጓደኛ ነበር።

ድንበሩን የተሻገረም ሰው ቢሆን ሌላ ሕግ ይጠብቀዋል። በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። ስለዚህም ለአንድ ውድ ሽጉጥ የተከፈለ ገንዘብ በኬላ ላይ በአንዲት ፍተሻ ሊጠፋ፣ ባለቤቱንም ወደ እስር ሊወስድ ይችላል።

ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ፣ ቸርችልም በከረሪ የያዟቸው ሽጉጦች በዘመናቸው ከነበሩት የላቁ ነበሩ። አንዱ ለባለቤቱ የመጨረሻውን ክብር፣ ሌላው ተጨማሪ ዕድሜ ሰጠ፤ ለሁለቱም ግን ዋጋው የተቆረጠው በሻጭ ጠረጴዛ ላይ አልነበረም። ካላክላ ውስጥ ተቀምጦ ገንዘቡን በእጁ የያዘ አባወራም ከመግዛቱ በፊት ገንዘቡ ስንት ወር እህል፣ ስንት ሰው የመኪና መሳፈሪያ፣ ስንት ልጅ የትምህርት ክፍያ እንደሚሆን ቢቆጥር፣ ምኒልክ በእንጦጦ የሠሩትን ዓይነት ሒሳብ ሠራ ማለት ነው።